የቀኝ እጅ ቃላት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የመትረየስ ጆሮ ግን ያን ቀን ጠዋት ባዳ አልሆነባትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ካልሲ ለማጥለቅ ስትታገል፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ ታላቅ እህቷ በስልክ የምታወራውን አንድ በአንድ ሰማች። «ክፍሉ ሦስት በአራት ነው፤ መስኮትም አለው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባል» አለች እህቷ። ከዚያ የወዲያኛውን ሰው አዳመጠች። «አዎ፣ አሁን ሰው አለበት። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ትወጣለች። ከሥራ ሊያሰናብቷት ነው፤ ወንድማችን ዘንድ እልካታለሁ። እዚያ ግቢው ሰፊ ነው፣ አየሩም ይስማማታል።» መትረየስ ካልሲው እግሯ ጣቶች ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየች። መጀመሪያ የገረማት መባረሯ አይደለም፤ ያቺ ክፍል እንዲህ ስትሞገስ ሰምታ አለማወቋ ነው። በኖረችባት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እህቷ ስለ ክፍሏ የምታነሳው ነገር ቢኖር የጣሪያውን ማፍሰስ ብቻ ነበር።

መትረየስ የሚለውን ስም ያወጡላት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው። ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ሰው ፊት ከት ብላ ስቃ የማታውቅ ሴት ናት፤ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፉ ግን ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማ ስለነበር ስሙ ተለጠፈባት። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ጸሐፊ ሆና ሠርታለች። ዋናው መሥሪያ ቤት ባሕር ማዶ ስለሆነ የሚጻፈው ደብዳቤ በሙሉ፣ የዓመት ፈቃዱና የተግሣጹ ወረቀት ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ነው። ከሰባት ወር በፊት አንድ ማለዳ ፊቷን ስትታጠብ ግራ ጎኗ ከዳት። አፏ ተቃና፣ እግሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ግራ እጇ ግን እንደሄደ ቀረ። ዛሬ የሕመም ፈቃዷ የሚያልቅበት ቀን ነው። በአምስት ደቂቃ ፈተና በደቂቃ አርባ ቃል መጻፍ ከቻለች ወንበሯ ላይ ትመለሳለች፤ ካልቻለች ትሰናበታለች። ከሐኪም ቤት የመጣው ወረቀት «ግራ እጇ ላይ ድካም አለ፤ እየተሻሻለ ነው» ይላል። «እየተሻሻለ ነው» የምትለዋን ሐኪሙን ለምና ያስጨመረችው እሷ ናት።

እህቷ ሻይና ዳቦ ይዛ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩ ከእንቅልፏ ስትነሳ ጀምሮ አንገቷ ላይ ነው፣ ሁለት መርፌም ደረቷ ላይ ተሰክተዋል። ብርጭቆውን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚት ሳበችው፤ ከዚያ ቀና ብላ የሸሚዟን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ትቆልፍላት ጀመር። ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን ቤት በመርፌ ጫፍ ነው ያቆመችው፤ የአንድ ክፍል ኪራይ ለእሷ ብዙ ማለት ነው፤ እህቷ ደግሞ ደመወዟ ከተቋረጠ ወዲህ የምታዋጣው ነገር የለም። ይህን ሁሉ መትረየስ ታውቃለች። ማወቅ ግን አንጀትን አያርስም። ፊት ለፊት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ፣ አንዷ ስትቆልፍ ሌላዋ ስታስቆልፍ፣ ሁለቱም ግድግዳው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያስቡ ነበር። «ዛሬ ነው አይደል?» አለች እህቷ የአንገቱ ቁልፍ ላይ ስትደርስ። «ዛሬ ነው።» «እንግዲህ እሱ ያውቃል» አለችና ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንድትጠጣ አዝዛት ወጣች።

እህቷ የማታውቀው ነገር ቢኖር የደብተሩን ምሥጢር ነው። መጻፊያ ኪቦርድ እንደ ውርስ መሬት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የግራ እጅ የራሱ ፊደላት አሉት፣ የቀኝ እጅም የራሱ። በአንድ እጅ ተራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሞከረች ዕለት ቀኝ እጇ የሟቹን ድርሻ ለመሥራት ወዲያና ወዲህ ሲራወጥ በደቂቃ አሥራ ሰባት ቃል ብቻ ወጣላት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘ አሮጌ ኪቦርድ ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ ስትለማመድ፣ «ሚሊዮን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈችና ደነገጠች። እጇ እንደ ድሮው ሮጠ። ሳታይ፣ ሳታስብ፣ ትር ትር ትር። የሞተ ዘመድ በር አንኳኩቶ የገባ መሰላት። የቃሉ ፊደላት በሙሉ የቀኝ እጅ ድርሻ ነበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃል ለቀማ ገባች። መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ልትጀምር ስትል ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ያሉት ፊደላት በሙሉ የግራ እጅ መሆናቸውን አየች፤ ስለዚህ ያንን ሁሉ ገጽ በላስቲክ አስራ ከ«ኤች» ጀመረች። አጫጭሮቹን ብዙም አልፈለገቻቸውም። እነሱን ማንም ያገኛቸዋል፤ ደግሞም እጇ ገና ሲሞቅ ያልቃሉ። የምትፈልገው ረጃጅሞቹን ነው፣ ሰባትና ስምንት ፊደል ያላቸውን፣ አንዴ ከተነሱ ሳያቆሙ የሚሄዱትን። ሚኒመም፣ ኦፒኒየን፣ ፓምፕኪን፣ ሎሊፖፕ፣ ሞኖፖሊ። የአንዳንዱን ትርጉም አታውቀውም፤ ጣቷ ካወቀው ይበቃታል። ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ፊደል ያለው «ፖሊፎኒ» ላይ ስትደርስ ደስታዋን የምታካፍለው ሰው አጥታ ግድግዳውን ደበደበች። እህቷ መቀሷን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «ምን ሆንሽ?» «ምንም፤ ዘጠኝ አገኘሁ።» «ዘጠኝ ምን?» «ዘጠኝ ፊደል።» እህቷ ትክ ብላ አየቻትና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ተመለሰች። ወስዶ እንዲያኖራት ለወንድማቸው የደወለችው የዚያን ዕለት ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ አልነበረም። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ወዳጅ የምትለው እሱ ብቻ ነው፣ በስልክ ሹክ ብሏታል። አዲሱ ኃላፊ ፈታኝ ሆኖ ሲቀመጥ ጽሑፍ መርጦ አይሰጥም፤ የሚመስላችሁን ጻፉ ይልና ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን ቁጥር ብቻ አይቶ ይመዘግባል። በእሷ ቦታ የገባችው ጊዜያዊ ጸሐፊም የተቀጠረችው እንዲሁ ነው። «የእናትሽን ስም መቶ ጊዜ ብትጽፊለትም ግድ የለውም፣ ቁጥሩ ብቻ ይውጣ» ብሏታል። መትረየስም ሁለት መቶ ስድስት ቃል እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛ፣ ደብተሩን ትራስ ሥር ትታ ወጣች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። በቀኝ እጇ ብረቱን ይዛ፣ ግራውን ሰው እንዳይገፋባት ኮት ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ አንዲት ተማሪ ተነሳችላት። ገና ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ «እማማ» የሚለው ቃል ከበሽታው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ተቀመጠች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቃላቱን በተራ እየደረደረች ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ለማን እንደምትጸልይ ባያውቅም አክብሮ ወደ መስኮቱ ዞረላት።

የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ከሩቅ ሲያያት እጁን ዘረጋ። «መትረየስ! ተርፈሽ መጣሽ?» አለና ትከሻዋን ሳማት፤ ሊፍቱ እንደ ወትሮው ተበላሽቷል ብሎ አብሮ አዘነላት። አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች፣ በየእረፍቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ የተለያየ ዓይነት ጠረን እያሸተተች፤ ሁለተኛው ላይ የጥርስ ሐኪሙ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ላይ የፎቶ ኮፒው ቀለም። ቢሮዋ ስትደርስ ጠረጴዛዋ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ጊዜያዊ ጸሐፊዋ ከወንበሩ ብድግ አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ትሑት ልጅ። «እትዬ፣ ወንበሩን ዝቅ ላድርግልሽ?» አለች። መትረየስ ካለፈች ይቺ ልጅ ነገ ሥራ የላትም፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ ግን ወንበሩን ዝቅ አደረገችላት፣ የራሷንም የውሃ ኮዳ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችላት።

ኃላፊው ከመጣ አራት ወሩ ነው፤ መትረየስን የሚያውቃት በፋይል ነው። ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት። የሚመስልዎትን ይጻፉ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆጥራል» አለ። እሷም እጅጌዋን የምታስተካክል መስላ ግራ እጇን በቀኟ አነሳችና መዳፉን ኪቦርዱ ጠርዝ ላይ፣ ምንም እንዳይነካ አድርጋ፣ አስተኛችው። ከዚያ ጀመረች። መጀመሪያ ሚሊዮን፣ ከዚያ ኦፒኒየን፣ ከዚያ ሞኖፖሊ። ሃያኛው ቃል ላይ ፍርሃቱ ለቀቃት፤ ሰባት ወር ሙሉ ታፍኖ የኖረው ድምፅ ከክፍሉ ወጥቶ በኮሪደሩ ተለቀቀ። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጣች። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ከታችኛው ፎቅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። «መትረየስ ተመለሰች!» አለ አንዱ፤ ሌላው ሳቀ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ሃምሳ ስምንት የሚል ቁጥር አወጣ። አጨበጨቡላት። መትረየስ ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸው፤ እንዲህ የተደሰተችበትን ቀን አታስታውስም።

«ማነው አትችልም ያለው? እንዲህ ከሆነማ ጨረስን» አለ ኃላፊው ከልቡ ደስ ብሎት። «እንግዲህ የሕክምና ጉዳይ ስለሆነ ዋናው መሥሪያ ቤት የጻፉትን ገጽ አያይዙ ብሏል» ብሎ ራሱ ጎንበስ አለና ማተሚያውን አዘዘ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ይህን የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አልነገራትም፣ አያውቅምና። ወረቀቱ እየሞቀ ወጣ። ኃላፊው ፈገግታው ሳይጠፋ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ሚሊዮን፣ ኦፒኒየን፣ ሞኖፖሊ፣ ኦኒየን…» «ኦኒየን ሽንኩርት አይደል እንዴ?» አለች የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ። «ፓምፕኪን፣ ሎሊፖፕ፣ ሚሊዮን፣ ኦኒየን…» ከኋላ የቆመ አንድ ሰው «ሚሊዮን ሽንኩርት!» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ሳቁን ዋጠው። ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጠ፣ ጀርባው ባዶ ነው፤ መልሶ ገለበጠው።

ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁ ተለወጠ፤ ሰው ለሕፃንና ለበሽተኛ እንደሚያደርገው ቃላቱን እያራራቀ ከፍ አድርጎ ይናገር ጀመር። «እናቴ፣ ውሃ ላስመጣልዎት?» አለ። «ዛሬ… ቀኑ… ማን ነው?» መትረየስ መልሱን ታውቃለች፤ ቀኑን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ያስደነገጣት መጠየቋ ነው። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ጫማውን ያያል። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጭና «እኔን! ጭንቅላቷን ነክቷታል ለካ» አለች፣ ቀስ ያለች መስሏት። ጊዜያዊ ጸሐፊዋ ብቻ ወረቀቱን በኃላፊው ትከሻ ላይ አጎንብሳ ታነብ ነበር። ስታነብ የቀኝ እጇ ጣቶች በአየር ላይ ተንቀሳቀሱ፤ ግራዎቹ ጸጥ እንዳሉ ቀሩ። ጽሕፈት የምታውቅ ልጅ ናትና ገባት። ዓይኗን ኪቦርዱ ጠርዝ ላይ ወዳለው እጅ አሳለፈች፣ ፊቷ ቀላ፣ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

መትረየስ ዝም ብትል ምን እንደሚመጣ ታያት። ሃምሳ ስምንት የሚለው ቁጥር ማንንም አያድንም፤ አእምሮዋ ተነክቷል ተብሎ ትሄዳለች። ወንድሟ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያወጧታል፣ ፀሐይ ሲበረታ ያስገቧታል፤ ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ ብትናገር ደግሞ እርስ በርስ እየተያዩ እሺ እሺ ይሏታል። ሥራውም ክፍሉም ከእጇ ወጥቷል፤ የቀራት አንድ ነገር ነው፣ እሱንም እዚያው ቢሮ ውስጥ እየወሰዱባት ነው። በቀኝ እጇ የግራ እጇን አንጓ ያዘች፣ ከፍ አደረገችውና ሁሉም እያዩ ለቀቀችው። ጠረጴዛው ላይ ድም ብሎ ወደቀ።

«ጭንቅላቴ ደህና ነው» አለች። «የሞተው ይሄ ነው። ቃላቱ በቀኝ እጅ ብቻ የሚጻፉ ናቸው፤ ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ ነው ያገኘኋቸው። አምስት ወር ፈጅቶብኛል። የግራ እጅ ፊደል የገባበት አንድ ቃል ካገኙበት ያሳዩኝ።»

ኃላፊው ወረቀቱን ሳይሆን የወደቀውን እጅ አየ። ከዚያ እፎይ ሲል ሰማችው፤ አልተቆጣም፣ አላፈረባትም፣ ቀለለው። ለአእምሮ ምን እንደሚደረግ አያውቅም ነበር፤ ለእጅ ግን ደንብ አለው። «እንግዲህ አዝናለሁ፣ ደንቡ…» ብሎ ጀመረ። «ደንቡን አውቀዋለሁ። ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለችው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደየክፍላቸው ተመለሱ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ የመጨረሻ ሆኖ ሲወጣ ራሷን ሊስማት ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ትቶት ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ።

የስንብት ደብዳቤው ዛሬውኑ ይጻፍ ተባለ። ኃላፊው ቆሞ በእንግሊዝኛ ያጽፍ ጀመር፤ እንግሊዝኛው የስልክ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተጠላለፈ። ጊዜያዊ ጸሐፊዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቁልፉን መለየት አቃታት። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። መትረየስ ይህን ተቀምጣ ማየት አልቻለችም። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ ክፍል እንዲህ የተበላሸ ደብዳቤ ወጥቶ አያውቅም። ተነስታ ልጅቷ ጀርባ ቆመች። «አጥፊው ሁሉንም» አለቻት። «ቀኑን ከላይ፣ በስተቀኝ። ከዚያ ሁለት መስመር ዝለዪ። ዲር በይ።» ልጅቷ «ውድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈች። ቃሉ በሙሉ የግራ እጅ ነበር፤ ቀይ ጥፍሮቹ ወረድ ቀና ሲሉ መትረየስ ከላይ ሆና አየቻቸው። የአገልግሎቷን ዘመን፣ የሕመሟን ምክንያት፣ የሐኪሙን ወረቀት ቁጥር፣ የደንቡን አንቀጽ ሳታይ በቃሏ አጻፈች፤ ድርጅቱ ለታማኝ አገልግሎትዎ ምስጋናውን ያቀርባል የሚለውንም፣ ቦታው ስለሆነ፣ አላስቀረችውም። «አድራሻ ምን ልበል፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ። መትረየስ የእህቷን ቤት ቁጥር ነገረቻት። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እውነት ነው። «ሪጋርድስ ብለሽ ዝጊው» አለች፤ እሱም የግራ እጅ ነበር።

ታትሞ ሲወጣ አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል ተደግማለች፤ አሳረመችና እንደገና አሳተመች። ኃላፊው ፈርሞ፣ አንብቦ፣ ደግሞ አነበበው። በጣም ወደደው። «ደብዳቤ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ልጅቷን እያየ። «አስቀምጪው፤ ከእንግዲህ የሚሰናበት ሰው ሁሉ በዚህ ይጻፍለት። ስሙንና ቀኑን መቀየር ብቻ ነው።» መትረየስ ደስ አላት። ፊቷ በራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አመሰገነችው፣ ቅጂውን ተቀብላ ደረሰኙ ላይ ፈረመች፣ ልጅቷን ጉንጯን ስማ ወጣች። የማተሚያው ሙቀት ገና ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እንዳይታጠፍ ደረቷ ላይ ለጥፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ደስ ያላት በምን እንደሆነ ያስተዋለችው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ ካርቶን የተሸከመ ሰው እየወጣ ነበርና እስኪያልፍ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ጠበቀች፤ ካለፈ በኋላ አለቀሰች።